ተዋጊው በሬና መከታ የሌለው ጣራ

የዩራኒየም ማዕድን ተፈጭቶ ቢጫ ዱቄት በሚሆንበት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው በየጊዜው ሽንቱን በብልቃጥ አድርጎ ያስረክባል። በሥራ ልብሱ ሆኖ ግን አይሰጥም። ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ አቧራ በሌለበት ክፍል መሆን አለበት፤ ከጣቱ የረገፈች ብናኝ ብልቃጡ ውስጥ ከገባች ላብራቶሪው በሰውነቱ ውስጥ የሌለውን ዩራኒየም ያገኝበታል። የአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ለእንዲህ ያሉ ፋብሪካዎች ያወጣው መመሪያ ናሙናው ሰውየው ከሥራ ቦታው ከራቀ ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢወሰድ ይመርጣል። ለዚህም ቅዳሜና እሑድን አርፎ ሰኞ ጠዋት ሲመለስ፣ ገና ወደ ሥራ ሳይገባ መስጠቱ ያመቻል። ዓርብ ተነፍሶት ቶሎ የሚወጣው ወጥቶ ያለቀ ስለሆነ፣ በሰኞው ሽንት የሚታየው በሰውነቱ ውስጥ የሰነበተው ነው። ሁለቱንም ሰንበት ለሚያከብር የጎንደር ገበሬ ሥርዓቱ እንግዳ አይደለም፤ የሚለየው ምክንያቱ ብቻ ነው።

ዩራኒየም ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ዋናው መውጫው ኩላሊት ነው። አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ከሽንት ጋር ይወጣል፤ ሲያልፍ ግን የኩላሊትን ቀጫጭን ቱቦዎች እያቆሰለ ነው። እዚህ ላይ የሚጎዳው ጨረራው አይደለም፤ እንደ እርሳስና እንደ ሜርኩሪ ያለ የብረት መርዝነቱ ነው። በቀላሉ የማይሟሟው የዩራኒየም ኦክሳይድ ብናኝ በበኩሉ ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ በአልፋ ጨረር ዙሪያውን ይቀጠቅጣል። ሰውየው ሁለቱንም አያውቃቸውም። አያስነጥሱትም፣ አያሳክኩትም፣ ሽታም ጣዕምም የላቸውም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ኩላሊትን የሰው ስውር ሐሳብ ማደሪያ ያደርጉታል። መዝሙረኛው ዳዊትም ነቢዩ ኤርምያስም ልብንና ኩላሊትን የሚመረምረው እግዚአብሔር ነው ይላሉ፤ ይህም ሰው በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ማለት ነው። ባለፈው መቶ ዓመት ግን ነጭ ካፖርት የለበሰ ባለሙያ በብልቃጥና በመሣሪያ የሌላውን ሰው ኩላሊት መመርመር ጀመረ። ሥልጣኑ ለሰው ከተሰጠ ዕዳውስ? የሌላውን ውስጥ አይቶ ያወቀ ሰው ምን ይጠየቃል? ማየት እየቻለ ላለማየት የመረጠስ?

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አዘዞን አልፋ የምትገኘው ፀዳ የዩራኒየም ማዕድን የላትም። የተቀመጠችበት ደጋ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የረጋበት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህ ባዛልት የሚባለው ድንጋይ ደግሞ ከግራናይት ጋር ሲተያይ የሚይዘው ዩራኒየም በጣም አነስተኛ ነው። ፀዳ ያላት የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው። አካባቢው ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚተዋወቀውም በዚህ በኩል ነው። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተማሪዎቹን በሆስፒታል ግቢ ብቻ አላስቀራቸውም፤ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎችም ይልካቸው ነበር። ታምሞ እስኪመጣ ሳይጠብቁ፣ ጤነኛ የሚመስለውን ሰው ሳይቀር ፈልጎ ደሙን በመስታወት ላይ ማየት፣ ውኃውን መመርመር፣ ሽንት ቤቱን መቁጠር የዚያ ትምህርት ቤት ጠባይ ሆነ። ያልተሰማውን ሕመም ፍለጋ ወደ ሰው ደጅ መሄድ ለጎንደር የጤና ባለሙያ የአያቶቹ ሙያ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው መንገድ ማክሰኝትን አልፎ እንፍራንዝ አለ። የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ እንደሚተርከው ፈላስፋው ከዋሻ ወጥቶ ኑሮውን የመሠረተው እዚያ፣ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት በጸሐፊነት ነው። መጽሐፉን የጻፈው በእርግጥ ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ መነኩሴ የሚለው ክርክር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጫረው ወዲህ አልበረደም። ደራሲው ማንም ይሁን፣ መጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ፈላስፋው የባለጸጋውን ቤት አገልጋይ ኂሩትን ሲያገባ ከእንግዲህ አገልጋይ መሆኗ እንዲቀር፣ ባልና ሚስት እኩል መሆናቸው እንዲታወቅ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው የልቡና ብርሃን ሰጥቷልና ሰው ራሱ መርምሮ እውነቱን ያገኛል የሚለው እምነቱ ነው።

ዩራኒየም ይህን ሁለተኛውን እምነት ጠርዙ ላይ ያስቆመዋል። ሠራተኛው የቱንም ያህል ብሩህ ልቡና ቢኖረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ሲመረምር ቢያድር በሳንባው ውስጥ ስንት ማይክሮግራም እንዳለ አይደርስበትም። ስለ ገዛ ሰውነቱ ያለውን እውነት ሌላ ሰው፣ ብዙውን ጊዜም የአሠሪው ደመወዝተኛ የሆነ ሰው፣ በመሣሪያ አንብቦ ሊነግረው ግድ ነው። የሐተታው የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ማለትም አገልጋይም እኩል ሰው ነው የሚለው፣ እዚህ ላይ በኃይል ይመለሳል። ሁለት እኩል ሰዎች ፊት ለፊት ቢቀመጡና አንዱ የሌላውን ኩላሊት አይቶ ዝም ቢል፣ እኩልነታቸው በዚያች ሰዓት ያበቃል።

ሰዎች በቀላሉ የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ዩራኒየም የሌለው ሰው የለም። በአንድ ተራ ሰው አካል ውስጥ 90 ማይክሮግራም ገደማ እንደሚገኝ የዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ይገምታል፤ በየቀኑ ከምግብና ከውኃ ጋር ጥቂት ይገባል፣ ጥቂት ይወጣል። መጠኑ ግን እንደ አገሩ ነው። በስምጥ ሸለቋችን አንዳንድ ጉድጓዶች ውስጥ፣ ጥርስ ከሚያበላሸው ፍሎራይድ ጋር ዩራኒየምም ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 30 ማይክሮግራም ነው። እንግዲህ ከዝዋይ አካባቢ የመጣ ሰውና ከፀዳ የመጣ ሰው አንድ ቀን አንድ ፋብሪካ ቢቀጠሩ ሽንታቸው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመነሻ ናሙና መወሰድ ያለበት። መነሻው ካልተያዘ፣ ዓመታት አልፈው ክርክር ሲነሣ አሠሪው «ከአገርህ ውኃ ያመጣኸው ነው» ለማለት ይመቸዋል። ሠራተኛው ደግሞ የጉድጓዱን ውኃ በፋብሪካው ሊያሳብብ ይችላል። የመጀመሪያዋ ብልቃጥ ለሁለቱም ምስክር ናት።

ቁጥሩ ራሱም ቢሆን ተርጓሚ ይፈልጋል። አንድ ዓይነት ውጤት ትናንት ከተነፈሱት ጥቂት ብናኝ ወይም ከወራት በፊት ከተነፈሱት ብዙ ሊመጣ ይችላል። የሚሟሟው ቶሎ ይወጣል፤ የማይሟሟው በሽንት እምብዛም ሳይታይ ሳንባ ውስጥ ሊተኛ ስለሚችል ደረትን ከውጭ የሚለካ መሣሪያ ወይም የዓይነ ምድር ምርመራ ይጨመራል። ባለሙያው ስለዚህ ሰውየው የት እንደሠራ፣ የትኛውን ማሽን እንደከፈተ፣ ጭምብሉን መቼ እንዳወለቀ መጠየቅ አለበት። ጥሩ ምርመራ ከሰውየው ጋር መነጋገርን ያስገድዳል፤ ብልቃጡን ብቻ የሚያነብ ይሳሳታል።

አሁን ወደ ኦሪት እንሂድ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ ቤተ እስራኤል ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ የኖሩባት መንደር ናት፤ ኦሪትን እነርሱም፣ ጎረቤቶቻቸው ክርስቲያኖችም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ያነቡታል። በኦሪት ውስጥ አሠሪንና የንብረት ባለቤትን የሚመለከቱ፣ ብዙም አንድ ላይ የማይነሡ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው በዘፀአት ምዕራፍ 21 ያለው ነው። በሬ ሰው ወግቶ ቢገድል በሬው ይወገራል፣ ባለቤቱ ግን ነጻ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለባለቤቱም ተነግሮት ካላሰረው ግን ባለቤቱም የሞት ዕዳ አለበት። ሁለተኛው በዘዳግም ምዕራፍ 22 ያለ ነው። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ ይሆናልና።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የበሬው ሕግ ዕዳን በማወቅ ላይ ይመሠርታል፤ ያልተነገረው ባለቤት አይከሰስም። የጣራው ሕግ ግን ማንም እስኪወድቅ፣ ማንም መጥቶ እስኪመሰክር አይጠብቅም። ከፍታው ራሱ ይናገራል። ጣራውን የሠራው ሰው «እንደሚወድቁ አላወቅሁም» ቢል ማንም አይሰማውም፤ ማወቅ ነበረበት።

የበሬው ሕግ ብቻውን ከቆመ ደግሞ አንድ ክፉ ፈተና ይወልዳል። ዕዳ የሚመጣው በማወቅ ከሆነ አለማወቅ ትርፍ ይሆናል። ያልለካ አያውቅም፤ ያላወቀ አይከፍልም። ይህ ግምታዊ ወሬ አይደለም፤ በዩራኒየም ታሪክ ውስጥ የተፈጸመ ነው።

በጀርመን የሽኔበርግ ማዕድን ቆፋሪዎች በሳንባ ሕመም እንደሚያልቁ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 ሁለት ሐኪሞች፣ ሄርቲንግና ሄሰ፣ ሕመሙ የሳንባ ዕጢ መሆኑን አስረዱ። ከ1950 በፊት በሬው ተዋጊ መሆኑ በአውሮፓ ተመስክሮበት አልቆ ነበር ማለት ነው። በዚያው በ1950 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በኮሎራዶ አምባ የሚሠሩ ቆፋሪዎችን፣ ብዙ የናቫሆ ብሔር ሰዎችን ጨምሮ፣ መመርመር ጀመረ። ሐኪሞቹ ደም ቀዱ፣ ሽንት ወሰዱ፣ ደረት አዳመጡ። ማዕድን ማውጫዎቹ ውስጥ ለመግባት ግን ኩባንያዎቹን መለማመጥ ነበረባቸውና ሠራተኞቹን የሚያስደነግጥ ነገር ላለመናገር ተስማሙ። ቆፋሪው አንድ ደግ ሐኪም ጤናውን እየጠየቀው መሰለው። ሐኪሙ ደግሞ ስንቱ እንደሚሞት እየቆጠረ ነበር። እዚህ ዋናው ገዳይ ዩራኒየሙ ራሱ ሳይሆን ከእርሱ የሚወለደው ራዶን የተባለው ጋዝና የጋዙ ውላጆች እንደነበሩ መጨመር ተገቢ ነው፤ መርማሪዎቹም ይህን ያውቁ ነበር። የማናፈሻ ቱቦ ቢዘረጋ ብዙው ይቀንስ ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት የራዶን ጣሪያ ያወጣው በ1967 ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ይቅርታ ጠይቆ ለቆፋሪዎቹ ወይም ለወራሾቻቸው 100,000 ዶላር እንዲከፈል የፈቀደበት ሕግ የወጣው በ1990 ነው፤ ከመጀመሪያዋ ብልቃጥ 40 ዓመት በኋላ።

ይህን ታሪክ ከሌሎች የማዕድን ጭካኔዎች የሚለየው እዚያ ምርመራ መኖሩ ነው። የተበደለው ያልተመረመረ ሰው ሳይሆን ተመርምሮ ያልተነገረው ነው። አንድ ጎንደሬ ይህን ሲሰማ የንስሐ አባቱን ቢያስብ አይፈረድበትም። የንስሐ አባትም የሰውን ስውር ያውቃል፣ አውቆም ዝም ይላል፤ ዝምታው ከክህነቱ ጋር የተሰጠው ግዴታ ነው። ነገር ግን በንስሐ ሥርዓት አስቀድሞ የሚያውቀው ተነሳሒው ነው፤ ካህኑ ከእርሱ ይሰማል። በብልቃጡ ሥርዓት ነገሩ ይገለበጣል። ተሸካሚው አያውቅም፣ መርማሪው ግን አስቀድሞ ያውቃል። ለዚህም ነው በአንደኛው ቦታ በጎነት የሆነው ዝምታ በሌላው ቦታ ደም የሚያስጠይቀው። ባለሙያው ከጎረቤት፣ ከጋዜጣ፣ ከአሠሪው ሠራተኞች ምስጢሩን ይጠብቅ፤ ከሰውየው ከራሱ ግን ምንም ሊሸሽግ አይችልም። የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መሠረታዊ የጥበቃ ደንብ ሠራተኛው የገዛ መዝገቡን የማየት መብት እንዳለው የሚደነግገው ከእንዲህ ያለ ታሪክ በኋላ ነው።

ንስሐ ሌላም ነገር ያስተምራል። ካህኑ የሚሰጠው ቀኖና ጾምና ስግደት ነው፤ የተነሳሒውን እንጀራ መንጠቅ ቢሆን ኖሮ ደጁን የሚረግጥ አይገኝም ነበር። በዩራኒየም ፋብሪካ ግን ውጤቱ ከፍ ያለበት ሰው ከአቧራማው ክፍል ይነሣል። የአሜሪካው መመሪያ በሊትር 15 ማይክሮግራም ላይ መጠየቅ ይጀምራል፤ 35 ሲደርስ ምክንያቱን ፈልጎ ማረም፣ ሰውየውንም ማንሣት ይመጣል። ሲነሣ ደመወዙ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቢቀንስስ? ያኔ ሠራተኛው ብልቃጡ ውስጥ ውኃ ይጨምራል፣ የጓደኛውን ሽንት ያመጣል። ይህን አይቶ «ሠራተኛው አይታመንም» ማለት ለአለቃ ይቀላል። ሰውየውን ውሸት ያስተማረው ግን ራሱ ሥርዓቱ ነው። ከክፍሉ ሲነሣ ደመወዙ እንዳይነካ ማድረግ ከመሣሪያው ትክክለኛነት የማይተናነስ የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ የውሸት ናሙና በምንም መሣሪያ አይስተካከልም።

አሠሪና እጅ ሥራ በእኛ አገር የቆየ ሌላ ችግርም አለባቸው። የወለቃ ቀጥቃጭ ለዘመናት ሲመረመር ኖሯል፤ የተመረመረው ግን ከእርሱ በሚወጣው እንጂ በእርሱ ውስጥ በሚገባው አልነበረም። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል እየተባለ ማረሻ የሠራለት ገበሬ ይሸሸው ነበር። ከወናፉ ጭስና ጥላሸት ምን ያህል እንደሳበ የጠየቀ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ በአዋጅ አልጠፋም። የዛሬው ፋብሪካ ቡዳን አይፈራም፤ ሠራተኛውን ግን በበሽታ አምጪነት፣ በካሳ ጠያቂነት፣ በአድማ አነሣሽነት መጠርጠር አልተወም። ምርመራ በእንዲህ ያለ እጅ ከገባ ሰውየውን ለመጠበቅ ሳይሆን ከሰውየው ለመጠበቅ ይውላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ያወቀ ይመስላል፤ አሠሪው አደገኛ ሥራ ላይ ያሉ ሠራተኞችን በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዝና የኤች አይ ቪ ምርመራን ከዚህ ያወጣዋል። ሕግ አውጪው አንዱ ምርመራ ጋሻ፣ ሌላው ጦር ሊሆን እንደሚችል ለይቷል።

በኢትዮጵያ የዩራኒየም ጥያቄ በእውነት የሚነካው ቦታ ከፀዳ ሩቅ ነው። በጉጂ ምድር፣ ቀንጢቻ ላይ፣ ለስልክና ለኮምፒውተር የሚውለው ታንታለም ለዓመታት ሲወጣ ቆይቷል። የታንታለም ድንጋይ ዩራኒየምና ቶሪየም በውስጡ ይዞ ይረጋል፤ የቀንጢቻውም እንዲሁ ነው። የዓለም አቀፉ የጭነት ደንብ ለተፈጥሮ ማዕድን ካስቀመጠው ጣሪያ፣ በግራም 10 ቤኬሬል፣ ሲያልፍ ጭነቱ ሬዲዮአክቲቭ ተብሎ ይመደባል፤ እንዲህ ያለውን ኮንቴይነር መርከቦች አይወዱትም። በምርቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ወደ ውጭ መላኩን አወከ፤ ቀንጢቻ ሥራ ካቆመባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ጭነቱ ተለካ። የለካው ሕግ የመርከበኛውን፣ የወደቡን፣ የገዢውን ደኅንነት የሚጠብቅ ሕግ ነውና ጥሩ ነው። ነገር ግን ያ ኮንቴይነር ከመታሸጉ በፊት ድንጋዩን የፈለጡ፣ የፈጩ፣ በአካፋ ጆንያ ውስጥ የጨመሩ እጆች ነበሩ። ለመርከብ የከበደ ድንጋይ ለአካፋ አይቀልም። የጭነት ደንቡ ስለ እነዚያ እጆች አይጠይቅም፤ ሥራው አይደለም። የሚጠይቀው ሌላ ሕግ ነው፤ በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተቋቋመው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የጀመረው፣ በኋላም በ2009 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1025 የሰፋው ሕግ። አገሪቱ በዚህ ዘርፍ ልምድ የላትም ማለት አይቻልም። የራጅ ባለሙያዎች ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ትንሽ ባጅ ተሰብስባ እየተነበበች መዝገብ ይያዛል። ባጇ የምታየው ግን ከውጭ የሚመጣውን ጨረር ነው። ሳንባ ውስጥ የተኛ ብናኝ የሚረጨው አልፋ ጨረር ከአንድ ወረቀት አያልፍም፤ ከደረት አጥንት ወጥቶ ባጇ ዘንድ አይደርስም። ባጅ አንጠልጥሎ ታንታለም የሚፈጭ ሰው ሙሉ በሙሉ የተጠበቀ መስሎት ሊኖር ይችላል።

ሰው ውጤቱ ካልተነገረው ደግሞ የራሱን ውጤት ያወጣል። ከቀንጢቻ ብዙ በማይርቀው በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ያሉ ነዋሪዎች ኬሚካሉ ልጆቻችንንና ከብቶቻችንን ጎዳ ብለው ተነሥተው፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የኩባንያው ፈቃድ ታገደ። እዚያ ነገሩ ዩራኒየም አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ይታያል፤ ለዓመታት ያልተነገረውን ሕዝብ በስተመጨረሻ የሚመጣ የላብራቶሪ ወረቀት አያሳምነውም። ወረቀቱ እውነት ቢሆንም እንኳ።

መዝገቡን ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ይወለዳል። የዓለም አቀፉ ደንብ የሠራተኛው የተጋላጭነት መዝገብ 75 ዓመት እስኪሞላው፣ ሥራውንም ካቆመ በኋላ ቢያንስ ለ30 ዓመት እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ኩባንያ 30 ዓመት የማይኖርበት አገር ውስጥ ይህ ቀልድ ይመስላል። በኒጀር በረሃ፣ አርሊት ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ዩራኒየም ሲወጣ የሠራተኞቹን ሆስፒታል የሚያስተዳድሩት ማዕድኑን የሚያወጡት ኩባንያዎች ራሳቸው ነበሩ፤ ከሁለቱ አንዱ፣ ኮሚናክ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ተዘጋ። የሚያሳምመውም፣ መታመምህን የሚነግርህም፣ ሲሄድ ካርድህን የሚይዘውም አንድ አካል ከሆነ ሙግቱ ከመጀመሪያው ተበልቷል።

ጎንደር ይህን ችግር በሌላ ጉዳይ ፈትታው ታውቃለች። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ኑዛዜ በየአድባራቱ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ፣ ከምስክሮቹ ስም ጋር ይጻፍ ነበር፤ ቃሉን ያፈረሰም እንዲወገዝ ተደርጎ። ሻጭም ገዢም ብራናውን ቤታቸው አልወሰዱትም። ከሁለቱም የሚሰነብት፣ ሁለቱም የሚፈሩት ሦስተኛ ወገን ያዘው። እነዚያ ጽሑፎች ከ200 ዓመት በላይ አልፏቸው የታሪክ ተመራማሪዎች ዛሬም ያነቧቸዋል። የማዕድን ሠራተኛው የሽንት መዝገብም ከኩባንያው መሳቢያ ወጥቶ እንዲህ ባለ ሦስተኛ እጅ ቢቀመጥ፣ አንድ ቅጂም ለሰውየው ቢሰጠው፣ አዲስ ነገር አይሆንም።

ነገሩን ሁሉ በምርመራ ላይ መጣልም ስሕተት ነው። ብልቃጥ የሚናገረው ከሆነ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 4 ቀን 1986 በኦክላሆማ፣ ጎር አጠገብ በነበረው የሴኮያ ፉየልስ ፋብሪካ፣ ከልኩ በላይ የተሞላ የዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ ሲሊንደር ሲሞቅ ፈነዳ። አንድ ሠራተኛ ሞተ፤ የገደለውም ጨረራ ሳይሆን ጋዙ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ የፈጠረው አሲድ ነው። የቀሩት ሽንታቸውን ሰጡ። ምርመራው አስፈላጊ ነበር፤ መጀመሪያውኑ ከልኩ በላይ ባይሞላ ግን ሲሊንደሩም ባልፈነዳ። በኦሪቱ አነጋገር መከታው ማናፈሻው፣ ድንጋይን በውኃ አርጥቦ መፍጨቱ፣ የተዘጋው ማሽን፣ ጭምብሉ ነው። ሽንት መመርመር መከታው ላይ የተከፈተ ቀዳዳ እንዳለ የሚያሳይ ነው። መከታ ሳይሠራ ከጣራው ሥር ቆሞ የሚወድቁትን ብቻ የሚቆጥር ባለቤት ሕጉን አልፈጸመም።

ዩራኒየም ከሁለቱ ሕጎች በየትኛው ይዳኝ ቢባል መልሱ የጣራው ነው። በ1879 ምናልባት በሬ ነበር። ዛሬ ጠባዩ በመጽሐፍ የታወቀ፣ መለኪያው በገበያ የሚሸጥ፣ ጣሪያው በአማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ተብሎ የተጻፈ ነገር ነው። ቀንጢቻን የመሰለ ማዕድን የሚከፍት ሰው «ማንም አልነገረኝም» የሚልበት መንገድ የለውም፤ ድንጋዩ ምን እንደያዘ የጭነት ወረቀቱ ነግሮታል።

ኢትዮጵያ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ከሮሳቶም ጋር ተፈራርማለች። ማመንጫው አንድ ቀን ቢቆም እዚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የዩራኒየም አቧራ የሚተነፍሱበት ዕድል ጠባብ ነው፤ ነዳጁ በብረት ዘንግ ታሽጎ ይመጣልና። አቧራው የሚቀረው ማዕድኑ በሚቆፈርበት፣ በሚፈጭበት ወይም በሚደርቅበት አገር ነው፤ ከዓለም ምርት 40 በመቶ ገደማ በምታወጣው በካዛክስታን፣ በናሚቢያ፣ በኒጀር። በፀዳ አንድ ክፍል ውስጥ ለሚበራው አምፖል የሚከፍለው ኩላሊት የሌላ ሰው ነው። ነዳጅ ሲገዛ ዋጋው፣ ጥራቱ፣ የማስረከቢያው ቀን ውሉ ላይ ይጻፋል። ማዕድኑን ያወጡት ሰዎች የመነሻ ናሙና ተወስዶላቸው እንደሆነ፣ ውጤታቸው በእጃቸው ገብቶ እንደሆነ፣ ከአቧራው ሲነሡ ደመወዛቸው ተከብሮ እንደሆነ የሚጠይቅ አንቀጽ በዚያ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ገዢ የመጠየቅ መብት አለው። ቀንጢቻም ድንጋዩ በያዘው ሊቲየም ምክንያት እንደገና ፈላጊ አግኝቷል። እዚያ የሚቀጠረው የመጀመሪያው ሰው የመነሻ ብልቃጡን መስጠት ያለበት አካፋ ከመጨበጡ በፊት ነው፤ አንድ ቀን ከሠራ በኋላ ያ ናሙና በምንም ገንዘብ አይገኝም።